በአንድ ትሪ

ሰኞ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2013

ጋሽ ተስፋሚካኤል ደወሉ። «መሰለች፣ ነይ፤ መጫወቻው ሊከፈት ነው» አሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ቆሜ ቀረሁ። በበሽታው ሰበብ መጫወቻቸውን ከዘጉበት ከመጋቢት ጀምሮ ይህን ቃል ስጠብቅ ከርሜ፣ ሲመጣ ባር ባር አለኝ።

ታክሲው ጢም ብሏል። ማስኩ ሁሉ አገጭ ላይ ነው። የኔን ወደ አፍንጫዬ ስስበው አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እትዬ፣ እኛን ነው የሚፈሩት?» አለኝ። 

ክረምቱ መጫወቻውን ወርሶታል። ሣሩ የእንጨት ፈረሶቹን ሆድ ደርሷል። ትልቁ የሚሽከረከረው ጎማ፣ እኛ «ሰማዩ» የምንለው፣ ወንበሮቹ ውሃ አቁረዋል። ዘበኛው አባባ ሂርጳ ብቻቸውን ሲጠብቁት ነው የከረሙት። ሊስሙኝ ሲመጡ ክርኔን ሰጠኋቸው። «ክርን ምን አጥፍቶ ነው የሚገጨው?» ብለው ሳቁ።

ቦታው መጫወቻ ከመሆኑ በፊት የአባታቸው ማሳ ነበር። እሳቸው አያነሱትም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጋጩት መኪኖች ወዳሉበት በአገጫቸው እያመለከቱ «ጤፍ እዚያ ጋ ነበር ጥሩ የሚሰጠው» ብለውኛል።

የምንከፍተው ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። እንደርስ ይሆን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 4

ቀኑን ሙሉ መሬቱ ላይ ነጭ ክብ ስንቀባ ዋልን። ሰው ሁሉ ክቡ ላይ ይቆማል፤ ከክብ እስከ ክብ ሁለት ርምጃ ነው። መካኒኩ ዘካሪያስ «ማዘር፣ በማን ርምጃ ነው? ባንቺ ከሆነ ተቃቅፈው ነው የሚቆሙት» ይለኛል። አጭር መሆኔን ነው።

የኔ ሥራ በረኪና ነው። ከየዙሩ በኋላ ወንበሩን፣ መያዣውን፣ የፈረሶቹን ጆሮ ሳይቀር መወልወል። የምናመጣው አቃቂ በሰቃ ካለው ከሀይረዲን ሱቅ ነው። የሱ በረኪና ገና ክዳኑ ሲላላ ሰው ያባርራል። ዛሬ ዓይኔ ሲያነባ፣ ጉሮሮዬ ሲከረክረኝ ዋለ። ዘካሪያስ ሰማዩ ላይ ተንጠልጥሎ ብሎን ሲያጠብቅ «ማዘር፣ እዚህ ድረስ መጣብኝ እኮ» ብሎ ጮኸ።

ምሳ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ነው የምንበላው። ጋሽ ተስፋሚካኤል «ያለ ማስክ ሰው እንዳያያችሁ፣ በሩን ዝጉት» ስላሉ ዘጋነው። እሳቸውን ጨምሮ ለአራታችንም አንድ ትሪ ላይ አቀረብኩ። አባባ ሂርጳ እኔን ሳያጎርሱ አይጀምሩም፤ ሁለተኛውንም ካላጎረሱ ደግሞ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይላሉ። ቤት ውስጥ ልጄ ሚራክል ሳህኗን ከለየች ሰነበተች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃታል፣ መታመም አትፈልግም፤ እውነቷን ነው። ግን ከመጋቢት ወዲህ ማንም አጉርሶኝ አያውቅም ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቃሪያው ነው አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7

ሲስተር አማረች ከወረዳው ጤና ቢሮ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ክቦቹን አየች፣ መታጠቢያውን ከፍታ ዘጋች። ሰማዩ ላይ አንድ ወንበር እየዘለልን እንድናስቀምጥ፣ በር ላይ ሙቀት እንድንለካ፣ ማስክ ያላደረገ እንዳናስገባ አዘዘች። ከዚያ ወደኛ ዞራ «ከእናንተ የሚያተኩሰው፣ የሚያስለው፣ ብቻ እንደ ወትሮው ያልሆነ ሰው ካለ ቤቱ ይቅርና ይደውልልኝ። ዘግተን ሁላችሁንም እንመረምራለን። የሚያሳፍር ነገር አይደለም» አለች።

እሷ ስትወጣ ጋሽ ተስፋሚካኤል ለብቻችን ሰበሰቡን። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ሰምታችኋል። አንዴ ተከፍቶ ከተዘጋ ሁለተኛ ማንም ልጁን ይዞ አይመጣም። ያኔ ብረቱን በኪሎ ሸጬ እንበተናለን።» ሁላችንም ቀና ብለን ሰማዩን አየነው።

በኔ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ማንበብና መጻፍ የቻልኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ እየለቀምኩ ነው። ለዚህ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 9

ውሃ የለም። ሮቶው ባዶ። የአቃቂ ጉድጓድ ከተማውን ሁሉ ያጠጣል፣ እኛ ጀሪካን እንሸከማለን። ወገቤ።

የሙቀት መለኪያዋ መጣች። ሽጉጥ ነው የምትመስለው። ዘካሪያስ ግንባሬ ላይ ደግኖ «እጅ ወደ ላይ» አለኝ። ደህና ነኝ አለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

ምች መታኝ። ትናንት ላቤ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ ነበር፤ የእጄን ነው ያገኘሁት። ሌሊቱን ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ሚራክል ከጎረቤት ዳማ ከሴ ለምና ጨምቃ ሰጠችኝ። ቅጠሉንም እጄ ላይ አሸሁት፣ ሽታው ግን አልወጣ አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጣሳ ላይ የበቀለ ዳማ ከሴ ምን ጉልበት ይኖረዋል።

«ዛሬ አትሂጂ፣ እማ።»

ሄድኩ። ምች ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ተሽሎኛል። ትኩሳቱም ለቀቀኝ። በር ላይ ራሴን በመለኪያዋ ለካሁ፤ ደህና ነኝ።

ማታ ሚራክል ወጡን አንዴ ቀምሳ ሳህኗን ገፋች። «እማ፣ ይሄ ጨው ነው ወይስ ወጥ?» እኔ ደግሞ ጨው የረሳሁ መስሎኝ ጨምሬበት ነበር። ሐሳቤ ሁሉ ቅዳሜ ላይ ነው፤ እጄ ምን እንደሚሠራ አያውቅም።

ቀን ምሳ ላይ የበላነውም ያው ወጥ ነበር። አባባ ሂርጳ ምንም ሳይሉ በሉት። አሁን ነው የገባኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13

ሀይረዲን በረኪናውን በውሃ ማቅጠን ጀምሯል። አዲሱን ጀሪካን ከፈትኩ፣ አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ ምንም የለውም። ንጹሕ ውሃ። በዚህ ነው ነገ የሰው ልጅ የሚቀመጥበትን የምወለውለው? እጥፍ አድርጌ ቀላቀልኩት። ጓንት አልቋል፤ ጣቶቼ ተላጡ።

ይህን ያህል ዘመን አምኜው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

ተከፈተ።

ከጠዋት ጀምሮ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። ሰው ክቡ ላይ ይቆማል፣ ለጥቂት ጊዜ፤ ከዚያ የሚያውቀው ሰው ያይና ክቡን ትቶ ይሳሳማል። እኔ መለኪያዋን ይዤ በር ላይ፣ ከዚያ እየሮጥኩ ወደ ፈረሶቹ፣ ከዚያ እንደገና ወደ በሩ። ልጆቹ እንዴት አድገዋል።

አንድ ነገር አየሁ። ማስክ ለብሶ የገባው ልጅ ወደ አጥሩ ሄዶ ማስኩን በሽቦው ቀዳዳ ውጭ ላለው ወንድሙ አቀበለው። ያም አድርጎት ገባና ለሦስተኛው አቀበለ። ለአባባ ሂርጳ ነገርኳቸው። አጥሩ ሥር ወንበራቸውን አድርገው ተቀመጡ፤ የሚቀባበሉትን እየተቀበሉ ለእናቶቻቸው መለሱ። «አፍን እንደ ጫማ ይዋዋሱታል» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ማስኮቹን በእጃቸው ሰብስበው ነበር፤ በረኪና አፈሰስኩላቸው።

ሰማዩ ተነሳ። ከላይ አንድ ልጅ «ሳሪስ ታየኝ» ብሎ ጮኸ። አባባ ሂርጳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ጋሽ ተስፋሚካኤል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ያለቀሱ ይመስለኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 15

አንድ አባት ልጁን ከፈረሱ ላይ አንስቶ «ዓይኑን ልታጠፉት ነው እንዴ? ምንድን ነው የምታፈሱት?» ብሎ ተቆጣኝ። የልጁ ዓይን ቀልቷል። «ውሃ ነው ማለት ይቻላል» አልኩት። እንደ እብድ አየኝ።

ዘካሪያስም «ማዘር፣ በዝቷል፤ አታካብጂ» አለኝ። እነዚህ ሰዎች ምን ሆነዋል?

ምሳ አንድ ላይ በላን። በዚህ ሁሉ ሩጫ ውስጥ የማርፈው እዚያች በር የተዘጋባት ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሀይረዲን ጋ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሽንኩርት የምትመርጥ ሴት ልጅዋን አዝላ ቆማለች። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የጀመርኩት፣ መጨረሻው ግን ጩኸት ሆነ።

«በረኪናህ ውሃ ነው፣ ሀይረዲን። የልጆች ቦታ ነው እኮ የማጸዳው።»

«እትዬ መሰለች፣ ወላሂ አንድ ጠብታ አልጨመርኩም። ምን አገኘሽ ዛሬ?»

«እንግዲያው ክፈተው።»

አዲስ ጀሪካን አውርዶ ባንኮኒው ላይ ከፈተው። ሴትዮዋ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ያዘለችው ሕፃን አስነጠሰው። ሀይረዲን ራሱ ፊቱን አዞረ፣ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ይሄ ነው ውሃ?» አለኝ።

እኔ ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር።

ሌላ ሱቅ እሞክራለሁ አልኩትና ወጣሁ። መንገድ ላይ ምስር ገዛሁ። ሚራክል ምስር ትወዳለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18

ጉንፋን ይዞኝ ስለነበረ ነው። ጉንፋን አፍንጫ ይደፍናል።

አፍንጫዬ ግን አልተደፈነም።

ነገ ይለቀኝ ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ ይለፍ ብቻ። ደግሞም መለኪያዋ ደህና ነኝ ነው የምትለው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 20

አባባ ሂርጳ ያስላሉ። ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማቸው አፋቸውን በጋቢያቸው እየያዙ። ጋሽ ተስፋሚካኤል «ምንድን ነው?» አሏቸው። «የጥቅምት ብርድ ነው፣ አቶ ተስፋ። ጥቅምት መቼ ሰው ይምራል» አሉ። ጋሽ ተስፋሚካኤል ለረጅም ጊዜ አዩአቸው፣ ከዚያ ወደ ቢሮ ገቡ።

ምሳ ላይ አጎረሱኝ። ጣታቸው ያተኩስ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ በጉርሻው ዘጉት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21

ማለዳ ስደርስ አምቡላንስ በሩ ላይ ቆሟል። አባባ ሂርጳን ያወጡአቸው ነጭ የለበሱ ናቸው፤ ዓይናቸው እንጂ ሌላ አይታይም። አባባ ሂርጳ መተንፈስ አቅቷቸዋል፣ ግን ከወገባቸው የበሩን ቁልፍ ፈትተው መሬት ላይ ወደኔ ገፉት። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ልጆቹ እንዳይመለሱ፣ ክፈቺላቸው።»

ጋሽ ተስፋሚካኤል «የሳንባ ምች ነው፤ ዱሮም ነበረባቸው» አሉ። ለማን እንደሚሉት እንጃ። ዘካሪያስ ብሎን ያጠብቃል።

ከፈትኩ። ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። እንዴት እንደሠራሁ ልጽፈው አልችልም።

ከሰዓት አንዲት ትንሽ ልጅ ፈረስ ላይ ሳስቀምጣት አንገቴን አቅፋ አፍንጫዋን ሸበሸበችና «በረኪና በረኪና ትሸቻለሽ» አለችኝ። እናቷ «ነውር» ብላ ተቆጣቻት።

እጄን አሸተትኩ። ክንዴን አሸተትኩ። ቤት ገብቼ ቀሚሴን አውልቄ ፊቴን ቀበርኩበት። አሁንም እዚህ አልጋው ላይ ነው ያለው።

ምንም የለም። አሥር ቀን ሊሆን ነው፣ ምንም። ሀይረዲንም ዳማ ከሴውም ጨውም አይደሉም። እኔ ነኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ከማክሰኞ በኋላ ስንት ጊዜ ነው አብሬያቸው የበላሁት?

እሑድ፣ ጥቅምት 22

አልከፈትኩም።

ከሁሉም ቀድሜ ሄጄ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ ከአጥሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ለሲስተር አማረች ደወልኩ፣ ከዚያ ለጋሽ ተስፋሚካኤል።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ። «መሰለች፣ ማን ጠየቀሽ? አንድ እሑድ። አንድ እሑድ ብቻ ዝም ብትዪ ምን ነበር?»

«ጋሼ፣ አባባ ሂርጳን እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ! በሩን ክፈቺና ቤትሽ ግቢ።»

ስልኩን ዘጋሁባቸው። ሰው ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም።

ሰዉ መጣ፣ ክቦቹ ላይ ቆመ። ልጆቹ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ድምፄ ትንሽ ነው፣ ሁለት ጊዜ ተናግሬ ማንም አልሰማኝም። በሦስተኛው ጮህኩ። «ዛሬ አይከፈትም። ታማሚ አለ። ታማሚዋ እኔ ነኝ።»

ያን ሁሉ ሳምንት በክብ ያልተራራቀ ሰው በአንድ ጊዜ ተራራቀ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ጀርባዋ ደበቀች። «ያለፈው ቅዳሜ ልጄን ያቀፍሽው አንቺ አይደለሽ? አታፍሪም?»

«አፍራለሁ» አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24

ውጤቱ ደረሰ። እኔ፣ ዘካሪያስ፣ ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ ሦስታችንም ይዞናል። ሚራክል ነጻ ናት። ሳህኗን የለየችው ልጅ። 

ሲስተር አማረች በስልክ ትጠይቀኛለች። ከማን ጋር ያለ ማስክ፣ ተጠጋግተሽ፣ ቆይተሻል? «ከማንም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ሁለት ርምጃ፣ ክርን፣ ማስክ፣ በረኪና፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ምሳስ?» አለች።

ምሳስ።

መሬቱን በሙሉ ክብ ስንቀባበት፣ ትሪው ዙሪያ ክብ እንደሠራን ማናችንም አላየንም። ምሳን እንደ መጠጋጋት የቆጠረው የለም። ምሳ ምሳ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 27

ሚራክል ምግቤን በር ላይ አስቀምጣ ታንኳኳለች። ምንም አይጣፍጠኝም፤ እበላዋለሁ። ሬዲዮኑ ሌላ ወሬ ይዟል፤ ከሰሜን የሚመጣ የጦርነት ወሬ። የበሽታውን ቁጥር አሁን የሚያዳምጥ የለም።

አባባ ሂርጳ ኦክስጅን ላይ ናቸው ብላ ልጃቸው ጠጄ ነገረችኝ። ምን ልበላት? «አይዞሽ» አልኳት። እኔ፣ አይዞሽ።

ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

ጋሽ ተስፋሚካኤል ደወሉ። እያሳላቸው ነው። ስለዚያ እሑድ አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። አንዷ እናት ደውላ «ሌሎቹ ሲደብቁ እናንተ ተናገራችሁ፤ ስትከፍቱ ንገሩኝ» ብላቸዋለች። ይህን ሁለት ጊዜ ደገሙልኝ። «ብረቱን አሁን አልሸጥም። ለገና እንሞክራለን» አሉ። ከዚያ ቆይተው «ሳህን ግዢ። ለየብቻ።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

አባባ ሂርጳ ከሕክምና ወጥተው ቤታቸው ገቡ። በጠጄ ስልክ አናገርኳቸው። ከሁለት ቃል በኋላ ትንፋሽ ይፈልጋሉ። ልጆቻቸው ሁለተኛ ዘበኝነት የለም ብለዋል።

«ቁልፍዎን ላምጣ?»

«ያዢው።»

ማለት ያለብኝን አልኩ። ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አውቄም ከእርስዎ ጋር በላሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው። «እኔ አይደለሁ ሳጎርስሽ የነበርኩት?» አሉ። «የዚያን ቀን የልጆቹን ማስክ ማን ሲሰበስብ ዋለ? የማን እጅ እንደቀደመ አንቺ በምን አወቅሽ?»

የመጣው ከሳቸው በፊት በኔ ላይ ነው፤ ቀኑን አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ «ምሳ በላሽ?» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ዱሮ ያ የኅዳር በሽታ አገሩን በፈጀ ጊዜ የተጀመረ ነው ይሉናል፤ ቆሻሻው ሲቃጠል በሽታው ይወጣል። ከማለዳው ጀምሮ ከየብሎኩ ሥር ጭስ ተነሳ። ልጆቹ ካርቶን፣ የበቆሎ አገዳ፣ አሮጌ ጫማ እየጎተቱ ይጨምራሉ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆኜ አያለሁ። መውጣት ተፈቅዶልኛል፣ እግሬ ግን ገና አላመነም።

ሚራክል እያሳላት ገባች። «እማ፣ መስኮቱን ዝጊው፣ ላስቲክ እያቃጠሉ ነው፣ ይገማል።»

ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ቆምኩ።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳት።

መጀመሪያ የመጣው ላስቲኩ ነው፤ ቀጭን፣ ከሩቅ። ቀጥሎ አገዳው። ከዚያ ሚራክል ፀጉሯን የተቀባችው ቅባት። ወደ ኩሽና ሄድኩ። ለቤት ያስቀረኋት አንዲት ጠርሙስ በረኪና መታጠቢያው ሥር ነበረች፤ ያኔ የተጣላንበት፣ የሀይረዲን። ክዳኑን አላላሁ። ገና ሳላስጠጋው አፍንጫዬን መታኝ፣ ዓይኔ አነባ፣ ግድግዳውን ይዤ ሳልኩ።

አንድ ጠብታ ውሃ አልነበረበትም።